ዓባይ በረሃ ላይ የፈላው ሞተር

ውድ አንባቢዬ ሆይ! ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጎጃም ወርደው ከሆነ ዓባይ በረሃን አይረሱትም። ገና ያላዩት እንደ ሆነ ግን አስቀድሜ ቦታውን ላሳይዎ፤ የምነግርዎ ነገር ያለ ቦታው አይገባምና።

ከአዲስ አበባ በሰሜን በኩል 185 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ጎሐ ጽዮን የምትባል ከተማ ያገኛሉ። እስከዚያ ድረስ መንገዱ በሱሉልታ፣ በጫንጮ፣ በሙከ ጡሪና በፍቼ አልፎ በሰላሌ ሜዳ ላይ የሚሄድ ስለ ሆነ፣ ተሳፋሪው ከብቱንና የሣር ክምሩን እያየ ያንቀላፋል። ከጎሐ ጽዮን ጥቂት እልፍ እንዳሉ ግን መሬቱ በድንገት ያልቅና ከእግርዎ ሥር ሌላ አገር የተከፈተ ይመስላል። 2,500 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ የነበረው መንገድ እየተጠማዘዘ፣ ከ1,000 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ ወደሚገኘው ወንዝ ይወርዳል፤ ዓባይን ከተሻገረ በኋላም የወረደውን ያህል ደግሞ ወጥቶ ደጀን ይገባል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ነገር ግን በዚህ አጭር መንገድ ደጋውን፣ ወይና ደጋውንና ቆላውን አልፈው እንደ ገና ደጋ ላይ ይቆማሉ፤ ከላይ ጋቢ ተከናንቦ የተሳፈረ ሰው ከታች የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል።

የገደሉን ግድግዳ ለተመለከተ ሰው ምድር መጽሐፍዋን ገልጣ የምታስነብብ ይመስለዋል። ከላይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ጂፕሰም፣ ከሁሉ በታች የአሸዋ ድንጋይ ተነባብሮ ይታያል። አፈሩ በክረምት እየራሰ ስለሚንሸራተት መንገዱ በየስፍራው ይሰምጣል፣ በየስፍራውም ያብጣል። ከታች ሁለት ድልድዮች አሉ፤ አንደኛው አሮጌው ነው፤ ሁለተኛው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው፣ 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ ነው። መንገደኛ ሁሉ ድልድዩን ሲሻገር ዝም ይላል። እኔም ዝም ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ ነገር ግን የኔ ዝምታ ከድልድዩ በኋላም ስለ ቀጠለ ብዙ ገንዘብ አስከፈለ። ታሪኩ እንደሚከተለው ነው።

በሚያዝያ ወር 2014 ዓ.ም. የትንሣኤን በዓል ደጀን ከዘመዶቼ ጋራ አክብሬ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ ስነሣ አጎቴ፣ «ለአውቶቡስ ስለ ምን ገንዘብ ታወጣለህ? ከኔ ጋራ ጋቢና ትሄዳለህ» አሉኝ። አጎቴ አንዲት ቀላል የጭነት መኪና አለቻቸው። የገዙዋት ለብዙ ዓመት እቁብ ጥለው፣ የጎደለውንም ከዘመድ ተበድረው ነው። ከደጀንና ከብቸና ጤፍ ጭነው አዲስ አበባ ያራግፋሉ፤ ሲመለሱም ስኳርም ሆነ ሳሙና፣ ቆርቆሮም ሆነ ሲሚንቶ ያገኙትን ይጭናሉ። አምስት ልጆቻቸው የሚማሩት፣ ብድሩም የሚከፈለው በዚህችው መኪና ነው። ስለዚህ ሞተሩ ለአጎቴ ብረት ብቻ አልነበረም፤ የቤታቸው ምሰሶ ነበር።

ማለዳ እንነሣለን ብለን ሳለን ጭነቱ ዘግይቶ ከደጀን የወጣነው ከረፋዱ በአምስት ሰዓት ነበር። 35 ኩንታል ጤፍ ጭነናል። ከመነሣታችን በፊት ረዳቱ ራዲያተሩን ከፍቶ ውኃ ሲጨምር አየሁት፤ አንድ ጀሪካን ሙሉ ጨመረበት። «ሁልጊዜ ይህን ያህል ይጠጣል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ከፋሲካ ወዲህ ጠጪ ሆኗል» ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አንባቢዬ ሆይ! ጤነኛ ሞተር ውኃውን በየቀኑ አይጠጣም። ውኃው የጎደለ እንደ ሆነ ወይ ይፈሳል፣ ወይ ይፈላል፣ ወይ ወደ ሞተሩ ውስጥ ይገባል፤ አራተኛ መንገድ የለውም። የመጀመሪያው ምልክት በሳቅ ያለፈው እንዲህ ሆኖ ነው።

ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ቀስ ብለን ወረድን። ድልድዩ ዘንድ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች፤ በመስኮት የሚገባው ነፋስ እንኳ ከምጣድ የወጣ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወስደው ዳገት ተጀመረ።

ስለዚህ ዳገት ጥቂት ላስረዳዎ። በሞተር ውስጥ ከሚቃጠለው ናፍጣ ጉልበት፣ ጎማውን ለማዞር የሚውለው ሲሦው ወይም ከሲሦው ጥቂት የሚበልጠው ነው። የቀረው ሙቀት ከፊሉ በጭስ ማውጫው፣ ከፊሉም በራዲያተሩ ውኃ በኩል መውጣት አለበት። በሜዳ ላይ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል። በዳገት ላይ ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እያወጣ መኪናው የሚሄደው እንደ በቅሎ እርምጃ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ ይበዛል፣ ነፋሱ ያንሳል። ደግሞም ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ፣ ድልድዩ ዘንድ በ96 ወይም በ97 ዲግሪ፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ግን በ92 ዲግሪ ግድም ይፈላል። እንግዲህ መኪናው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ውኃው በትንሽ ሙቀት ሊፈላ ይችላል ማለት ነው። ይህን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ጎማና ጠንካራ ሞላ ስላለው እንፋሎቱን አምቆ ይይዛል፤ ደኅና ክዳን የውኃውን መፍያ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ብዙ ሰው ክዳኑ ውኃ እንዳይደፋ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ጎማው ቢደርቅና ቢሰነጠቅ አይለውጠውም።

የኛም ክዳን ጎማው የደረቀ ነበር። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው።

ከዳገቱ ሲሦውን ያህል እንደ ወጣን፣ ከመሪው ፊት ያለው የሙቀት መለኪያ መርፌ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ቀዩ መስመር መሄድ ጀመረ። እኔ አየሁት። ይህንኑ የሙቀት ትምህርት በክፍል ውስጥ በጠመኔ እየሣልኩ የማስተምር ሰው ነኝ። «ጋሼ፣ ይቁሙ» ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን አጎቴ በዚህ መንገድ ላይ የተመላለሱት እኔ ፊደል ሳልቆጥር ጀምሮ ነው፤ እሳቸውን መኪና መንዳት ላስተምር ነውን? እያልኩ በይሉኝታ ታሰርኩ። መርፌው ቀዩን ነካ። አጎቴ ወደ መርፌው አላዩም፤ መንገዱን ብቻ እየተመለከቱ መሪውን ጨበጥ አደረጉ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንግዳ ነገር ሆነ። መርፌው በድንገት ወደ ታች ወረደ። ረዳቱ፣ «ተመስገን! በረደ!» አለ። አጎቴም በረጅሙ ተነፈሱ። እኔ ግን ሆዴ ተንቦጨቦጨ፤ በፀሐይ ላይ ዳገት የሚወጣ ሞተር ያለ ምክንያት አይበርድምና። መለኪያው የሚለካው የውኃውን ሙቀት ነው። ውኃው ፈልቶ ካለቀና መለኪያው ባዶ ስፍራ ላይ ከቀረ፣ መርፌው «በርዷል» ብሎ ይዋሻል። እንግዲህ ሞተሩ ሊቃጠል ሲል መርፌው መልካም ዜና ነገረን፤ እኛም የፈለግነውን ስለ ነገረን አመንነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልሄድንም። ጉልበቱ ደከመ፤ ከሥራችን እንደ መዶሻ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ነጭ እንፋሎት ጋቢናውን ሸፈነው፤ ሞተሩም ጠፋ። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረገ። ወዲያው ጨርቅ ይዞ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት ሲል እጁን ያዝኩትና፣ «አትክፈት! ፊትህን ይቀቅለዋል» አልኩ። በዚያ ዳገት ላይ የተናገርኩት የመጀመሪያው ጠቃሚ ቃል ይህ ነበር። ቀጥሎም ቀዝቃዛ ውኃ በሞተሩ ላይ ሊያፈስ ፈለገ። ይህንንም ከለከልኩት፤ የጋለ ብረት በአንድ ጊዜ ሲቀዘቅዝ እንደ ጋለ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ከአንድ ሰዓት በላይ በአንዲት ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆነው ተመለከቱን። አጎቴ ምንም አልተናገሩም።

በስተኋላ የደረሰ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በብረት ገመድ እየጎተተ ጎሐ ጽዮን አደረሰን። ጤፉን ወደ ሌላ መኪና አዛውረን ለባለቤቱ ላክን፤ የጭነቱም ገንዘብ በዚያው ሄደ። መኪናይቱ ከመንገድ ዳር ካለ አንድ ጋራዥ ገባች።

መካኒኩ ወጣት ነው፤ እጁ ፈጣን ነው። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ አሳየን፤ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሏል። ይህ ውኃና ዘይት መቀላቀላቸውን ይመሰክራል። ጋቢናውን ወደ ፊት ዘንብሎ ቴስታታውን ሲያወርድ፣ ቴስታታው ከብሎኩ ጋራ በሚገጥምበት መካከል ያለው ጓርኒሲዮን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ተቃጥሎ ጠቁሮ ተገኘ። መካኒኩም፣ «ጓርኒሲዮን ብቻ ነው፤ ነገ ለውጬ ነገውኑ ትሄዳላችሁ» አለ።

ያን ምሽት ከአንዲት ትንሽ ማደሪያ ገባን። ሽሮ ቢቀርብም አጎቴ አንድ ጉርሻ እንኳ አልዋጥ አላቸው። በመጨረሻም፣ «አንዴ የፈላ ሞተር እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ነው፤ ቢለጥፉት ያፈሳል። ላሞቹን ሸጬ፣ ተጨማሪም ተበድሬ ሌላ ሞተር ከመርካቶ እገዛለሁ» አሉ። በዚህ ጊዜ ሁለት ፍርድ ነበረን። መካኒኩ «ትንሽ ነው» ይላል፤ አጎቴ «ሁሉም ጠፍቷል» ይላሉ። መካኒኩ የቸኮለው ሥራ ስላለበት ነው፤ አጎቴ የቸኮሉት ስለ ፈሩ ነው። ከሁለቱ አንዳቸውም ግን ገና ምንም ነገር አልለኩም።

እኔም እንደ ምንም ደፍሬ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መርፌው ቀዩን ሲነካ አይቼ ነበር፤ አፍሬ ዝም አልኩ» አልኳቸው።

አጎቴ ቀና ብለው አዩኝና፣ «እኔስ ያላየሁ መሰለህ?» አሉኝ። «ብቆም ጤፉ ይዘገያል፤ ጤፉ ቢዘገይ የብድሩ ቀን ያልፋል፤ ጥቂት ብቻ ናት፣ ትወጣልኛለች ብዬ ነው።» ከዚያም ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ሁለታችንም አየን፤ ሁለታችንም ዝም አልን» አሉ። አንባቢዬ ሆይ! ይህን ቃል እስካሁን አልረሳሁትም።

ጥቂት ቆይተው ግን፣ «እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ፤ ምን ይሻላል?» አሉ። እኔም፣ «ብልሹው ምን ያህል እንደ ሆነ ሳናውቅ ጓርኒሲዮንም አንግዛ፣ ላሞቹንም አንሽጥ። አስቀድመን እናስለካ» አልኳቸው። በማግስቱ መካኒኩን ለምነን፣ በመብራት እያሳየን የሲሊንደሮቹን ግድግዳ ተመለከትን። ጥፍሬን በግድግዳው ላይ ወደ ታችና ወደ ላይ፣ ዙሪያውንም አስኬድኩት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት አልነበረም። ይህ መልካም ምልክት ነው። ሞተር ከልክ በላይ ሲግል ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስተኑም አብጦ ግድግዳውን ይቧጭራል፤ የባሰ እንደ ሆነ ተጣብቆ ይቀራል። የኛ እዚያ ሳይደርስ ጠፍቷል። ቴስታታው ግን በዓይን ሊፈረድበት አይቻልም። ስለዚህ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለልነውና በአውቶቡስ ይዘነው ወደ አዲስ አበባ ተነሣን።

ያን መንገድ ብዙ ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ እንደዚያን ቀን ግን ረዝሞብኝ አያውቅም። አጎቴ ያን ከባድ ብረት እንደ ታመመ ልጅ በእግራቸው መካከል ይዘው ተቀምጠዋል። ገርበ ጉራቻን አለፍን፤ ፍቼንም አለፍን፤ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያስገባው መንገድ ዘንድ ስንደርስ ቆባቸውን አውልቀው አማተቡ፤ ከንፈራቸውም ሲንቀሳቀስ አየሁ። በእንጦጦ ቁልቁል አዲስ አበባ ስንገባ ቀኑ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር።

በማግስቱ መርካቶ ሄድን። መርካቶን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ ባይኖርም፣ ሶማሌ ተራ የሚባለውን ሰፈር ግን መኪና የሌለው ሰው ብዙ ጊዜ አይረግጠውም። እዚያ መኪና እንደ በሬ ቅርጫ በብልት በብልቱ ተለያይቶ ይሸጣል። በአንዱ ሱቅ በር መብራት ብቻ፣ በሌላው በር ብቻ፣ በሦስተኛው የመሪ ዘንግ ብቻ ተደርድሯል። ሞተሮች ደግሞ በአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጠው፣ በናፍጣ ታጥበው ያብረቀርቃሉ። ሻጩ አጎቴን ባየ ጊዜ ሐሳባቸውን ከፊታቸው አነበበ መሰለኝ፣ «አባባ፣ ይህ ከውጭ አገር የመጣ ንጹሕ ሞተር ነው፤ ቀብድ ቢጥሉ አስቀምጥልዎታለሁ» አላቸው። አጎቴ እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ሰደዱ።

እኔ ግን ሦስት ጥያቄ ጠየቅሁ። አንደኛ፣ ይህ ሞተር ስንት ጊዜ እንደ ፈላ በምን እናውቃለን? ከላይ የታጠበ ሞተር ከውስጥ ምን እንደ ሆነ አይናገርም፤ የኛን ሞተር ግን በሽታውን እናውቀዋለን። ሁለተኛ፣ ተገጥሞ ሳይሠራ ቢቀር ይመልሳሉ? «ለጥቂት ቀን» አለ። ሦስተኛ፣ ወረቀት አለው? ይህ ሦስተኛው ጥያቄ በብዙ ሰው ይረሳል። በመኪና ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሞተር ቁጥርም ተጽፏል። ሞተር የለወጠ ሰው ከየት እንደ ገዛው የሚያስረዳ ሕጋዊ ሰነድ ይዞ በመንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ሊብሬውን ማሳረም አለበት። አለዚያ የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ፣ ወይም መኪናይቱን ልሽጥ ሲል ቁጥሩ አይገጥምም። ሻጩ ስለ ወረቀቱ ሲጠየቅ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ተመለከተ። አጎቴም እጃቸውን ከኪሳቸው ባዶውን አወጡ።

ከዚያ ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ሄድን። ባለሙያው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። ቴስታታውን ከከረጢቱ አውጥተን ብናስቀምጥላቸው፣ «ማን ፈረደበት?» ሲሉ ጠየቁ። ነገሩን ነገርናቸው። «እኔ ደግሞ ሳልለካ አልፈርድም» አሉ። አስቀድመው ፊቱን በደንብ ጠረጉት። ከዚያ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በቁመቱም፣ በወርዱም፣ በማዕዘኑም እየጋደሙ፣ እንደ ምላጭ የሳሱና ውፍረታቸው የተጻፈባቸውን ብረቶች በሥሩ ያስገቡ ጀመር። በመካከሉ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ የሚበልጥ ክፍተት ተገኘ። «ይህን ያህል ጠመመ» አሉ፤ «ይህን እንኳ ቶርኖ ያስተካክለዋል።» ቀጥለውም የውኃ መተላለፊያ ቀዳዳዎቹን በጎማና በብረት ደፍነው፣ በአየር ነፍተው ከውኃ ገንዳ ውስጥ አስገቡት። ሁላችንም ጎንበስ ብለን ተመለከትን። በሦስተኛው ሲሊንደር፣ በሁለቱ ቫልቮች መካከል፣ የአረፋ ክር ቀስ እያለች ወጣች።

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «እነሆ ፍርዱ» አሉ። «በዚህ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ብታደርጉበት ዓባይን ሳትጨርሱ ዳግመኛ ይፈላ ነበር። ነገር ግን ሲሊንደራችሁ ካልተቧጨረ ሙሉ ሞተር የሚያስገዛ ነገር የለም። የብሎኩን ፊት በዚህ ማስመሪያ ለኩት፤ ቀጥ ያለ ከሆነ ሌላ ቴስታታ ብቻ ይበቃችኋል።»

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ! ሁለቱም ፈጣን ፍርዶች ስሕተት ነበሩ። «ትንሽ ነው» ያለው መካኒክ ተሳስቷል፤ «ሁሉም ጠፍቷል» ያሉት አጎቴም ተሳስተዋል። እውነቱ በመካከላቸው ነበር፤ የተገኘውም በማስመሪያና በውኃ ገንዳ ነው። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ብሩን ትቼ ንጽጽሩን ብቻ ልንገርዎ። በዚያ ጊዜ የጓርኒሲዮኑን መለወጫ አንድ ብንለው፣ ሌላ ቴስታታ ከነመግጠሚያው፣ ከዘይቱና ከራዲያተሩ እጥበት ጋራ አራት ያህል ነበር፤ ያገለገለው ሙሉ ሞተር ደግሞ አሥራ ሁለት ያህል። አንዱን አውጥተን ቢሆን አንዱ ይባክን ነበር፤ አሥራ ሁለቱን አውጥተን ቢሆን ስምንቱ ይባክን ነበር። ላሞቹም ተሸጠው ነበር።

ይህን ስል ሞተር ሁሉ ይጠገን ማለቴ አይደለም። ብሎኩ ተሰንጥቆ ከሆነ፣ ሲሊንደሩ በጥልቅ ተቧጭሮ ፒስተኑ ከተጣበቀ፣ ከታች ያለው ዋናው ዘንግና ኩሽኔታው ዘይት አጥቶ ከተበላ፣ ወይም መኪናው ከመጀመሪያውም ዘይት የሚጠጣና ዕድሜውን የጨረሰ ከሆነ፣ ጥገናው በተበላሸ ገንዘብ ላይ ሌላ ገንዘብ መጨመር ነው። የጥገናው ወጪ የደኅና ሞተርን ዋጋ ግማሽ ካለፈም ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ሆኖም ጠጋኝም ሆነ ለዋጭ አንድ ነገር አይርሳ፤ መጀመሪያ ያፈላው ምክንያት ሳይወገድ አዲስ ሞተር ቢገጠም፣ አዲሱም በዚያው ዳገት ላይ ይፈላል። እኛ ራዲያተሩን አስወርደን ብናሳይ ግማሹ ቧንቧ በዝገትና በጭቃ ተደፍኖ ነበር። ለዓመታት ከየወንዙ የተቀዳ ውኃ ሲጨመርበት ኖሯልና። ክዳኑ ደግሞ፣ እንደ ነገርኩዎ፣ ጎማው ተሰነጣጥቋል። የአዲሱ ክዳን ዋጋ ከሁሉ ያነሰ ነበር፤ አጎቴ በእጃቸው እያገላበጡ፣ «ይህች ናት?» ብለው ብዙ ጊዜ ተመለከቷት።

ከአንድ ወር በኋላ ደጀን ወርጄ ነበርና ከአጎቴ ጋራ በዚያችው መኪና ወደ አዲስ አበባ ተመለስኩ። በዚህ ጊዜ የተነሣነው ገና ሳይነጋ ነው፤ ጭነቱም 30 ኩንታል ነበር። ድልድዩን ስንሻገር ጎሕ ቀደደ። ውኃው ከታች እንደ ቀለጠ ሸክላ ቀልቶ ይሄዳል። ዳገቱን ጀመርን። እኔ ዓይኔን ከመርፌው አልነቀልኩም፤ አጎቴም እንደዚሁ።

ከዳገቱ አጋማሽ ጥቂት እንዳለፍን መርፌው ከመካከል በጣት ስፋት ያህል ከፍ አለ። ቀዩ ገና ሩቅ ነበር። በዚህ ጊዜ አፌን ከፈትኩና፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ብናርፍስ?» አልኳቸው። ልቤ ይመታ ነበር። አጎቴ ግን መልስ ሳይሰጡኝ መኪናይቱን ከመንገዱ ዳር አቆሙ፤ ፊታቸውም ፈገግ ብሎ ነበር። ሞተሩን ወዲያው አላጠፉትም፤ ያለ ጭንቀት እየሠራ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ተዉት። ረዳቱ ድንጋይ ከጎማው ኋላ አደረገ። ከጭነቱ በላይ የታሰረውን ምሳ አውርደን፣ እግራችንን ወደ ገደሉ ዘርግተን በላን። ፀሐይዋ በማዶ በጎጃም ግድግዳ ላይ ከላይ ወደ ታች ስትወርድ፣ ጥቁሩ ድንጋይ፣ የኖራው ድንጋይና ቀዩ ድንጋይ በየተራ ሲበራ አየን። ባለፈው ጊዜ በዚያው ስፍራ አልፈን ይህን አንዱንም አላየንም ነበር።

መርፌው ወደ መካከል ተመለሰ። አጎቴ እጃቸውን አራግፈው ተነሡና፣ «ሩብ ሰዓት ብቻ ነበር የፈለገው» አሉ። ከዚያ ወደ ጋቢናው ሲወጡ ትከሻዬን ነክተው፣ «ከእንግዲህ ስታይ ተናገር፤ እኔም ስትናገር እሰማለሁ» አሉኝ።

ጎሐ ጽዮን የገባነው ከጠዋቱ በሁለት ሰዓት ነው። ክዳኑም አልተነፈሰም።